ሆርሞናቸው እስኪረጋ የጠበቁት ጋሽ ዶፓሚን

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ «ዛሬ ከፍቶኛል» ስትሉ እሱ «ሴሮቶኒን ወርዶብህ ነው» ይላል። «ናፈቀችኝ» ስትሉ «እንደ ሱስ ያለ ነገር ነው፣ ይለቅሃል» ይላል። እናታችሁን አቅፋችሁ ዓይናችሁ እንባ ቢያቀርር እንኳ ከጎናችሁ ቆሞ የትኛው ዕጢ ምን እንዳመነጨ ይነግራችኋል። በየቢሮው አለ፣ በየሰፈሩ አለ፣ በየሐኪም ቤቱ መጠበቂያ ወንበር ላይ አለ። የሰው ልጅ ነፍስ ለእሱ ክዳኑ የተነሳ ሬዲዮ ናት፤ ሽቦዎቿን አንድ በአንድ እየነካ ያሳያችኋል። ሬዲዮዋ በዚያች ሰዓት የምትዘፍነውን ግን አይሰማውም።

ለእኛ የደረሱን፣ ስሙንም እኛው ያወጣንላቸው ጋሽ ዶፓሚን ናቸው።

የምንሠራው በአንድ ጠባብ የልብስ ስፌት ቤት ውስጥ ነው። አለቃችን ልክ ይወስዳል፣ የስፌት መኪናው ላይ ይቀመጣል፣ ከደንበኛ ጋርም ይጣላል። ቆራጯ ትቆርጣለች። እኔ የቁልፍ ቀዳዳና ጠርዝ በእጄ እሰፋለሁ፤ ሥራው ጣት እንጂ አፍ ስለማይፈልግ እያንጎራጎርኩ ነው የምውለው። ሊቀ ጠበብት ጋሽ ዶፓሚን ደግሞ በስተጥግ ካለው ረጅም ጠረጴዛ ፊት ቆመው ልብስ በካውያ ይተኩሳሉ።

ሐኪም አይደሉም። ሐኪም ለመሆን አስበውም አያውቁም። ነገር ግን ከጠዋት እስከ ማታ አንድ ጆሯቸው ውስጥ የስልክ ማዳመጫ ተሰክቷል፤ በዚያ ውስጥ ስለ አንጎልና ስለ ሆርሞን የሚያስተምር አንድ ሰው ያለማቋረጥ ያወራል። ስሙን ነግረውን አያውቁም፤ «ሰውየው» ነው የሚሉት። ሌላው ጆሯቸው ለእኛ ክፍት ነው። በአንዱ ጆሮ የገባው በሌላው አይወጣም። በአፋቸው ነው የሚወጣው።

«አለቃ ዛሬ ለምን ነው የሚጮኸው?» ብላችሁ ጠይቋቸው።

«ኮርቲሶል ነው። የጭንቀት ሆርሞን። ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሱ ከፍ ይላል፣ እየዋለ ይወርዳል። ፈቃድ ከፈለግህ ከረፋዱ በኋላ ጠይቀው።»

እኛም እንስቅባቸዋለን፤ ፈቃድ የምንጠይቀው ግን ከረፋዱ በኋላ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ ደንበኛ አዲስ ያሰፋውን ሱሪ እንደለበሰ በሩን በርግዶ ገባ። ቁርጭምጭሚቱ ከሱሪው ተሰናብቶ ብቻውን ቆሟል። የሚናገረው ነገር እዚህ አይጻፍም። አለቃችን ወደ ጓዳ ሸሸ። ጋሽ ዶፓሚን ግን ካውያቸውን በክብር አቁመው ወደ ፊት ወጡ።

«ጌታዬ፣ አሁን የሚናገሩት እርስዎ አይደሉም» አሉት። «ከአንጎል ውስጥ አሚግዳላ የምትባል ለውዝ የምታህል ነገር አለች። አደጋ መጣ ብላ ደወል መታች። አድሬናሊን ተለቀቀ። ትንሽ ቢታገሡት ራሱ ይበርዳል።»

ሰውየው ወደ እግሩ አመለከተ። «ሱሪዬን ያሳጠረውም አድሬናሊን ነው?»

«እሱ አለቃችን ነው» አሉ ጋሽ ዶፓሚን፣ ለእውነት ሲሉ።

ከጓዳው ውስጥ ድምፅ መጣ፦ «ጋሼ፣ ወደ ካውያዎ።»

የአለቃችን ልጅ ደግሞ በትምህርት ቤት እረፍቷ ጊዜ ልትረዳን ትመጣለች፤ ትመጣለች ማለቴ፣ ቀኑ ከተጋመሰ በኋላ ዓይኗን እያሻሸች ትደርሳለች። አባቷ ሰነፍ ይላታል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ቤቱ ይታወካል። አንድ ቀን በዚህ መካከል ሊቀ ጠበብት ጣልቃ ገቡ።

«በዚህ ዕድሜ የእንቅልፍ ሆርሞን የሚለቀቀው አምሽቶ ነው። ልጅቷ ምን ታድርግ? የሚያመዛዝነው የፊተኛው የአንጎል ክፍልም ገና ነው። አስበው እስቲ፤ ልኩ ተወስዷል፣ ጨርቁ ተቆርጧል፣ ግን መኪና ላይ አልወጣም።»

«መቼ ነው ተሰፍቶ የሚያልቀው?»

«ሃያ አምስት ዓመት አካባቢ ይላል ሰውየው።»

«እስከዚያ እኔ ላበላት ነው?» አለ አለቃችን። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ጠዋት አይቀሰቅሳትም። ልጅቷም ከሁላችንም በፊት ለጋሽ ዶፓሚን ነው ሻይ የምታቀርበው።

ከእኔ ጋር ግን አልተስማማንም። እኔ በግጥም ያደግኩ ሰው ነኝ፤ መርፌና ክር ይዤ ስቀመጥ አፌ ላይ አንድ ነገር ካልመጣ እጄም አይሄድልኝም። አንድ ከሰዓት እንዲህ እያልኩ ነበር፦

እግሬ ወደ ሥራ፣ ልቤ ወደ ደጅሽ፣
ሁለት ሰው ሆንኩልሽ፣ አንዴ ብቻ ባይሽ።

«ሁለት ያልከው ያስኬዳል» አሉ ከካውያው እንፋሎት ውስጥ። «አንጎል ግራና ቀኝ ነው። ልብ ግን ደም መግፊያ ነች፣ ወደ ማንም ደጅ አትሄድም።»

«ጋሼ፣ ዘፈን ነው።»

«ዘፈንም ቢሆን። ደግሞ ልንገርህ፣ ሰው ዘፈን ሲሰማ ዶፓሚኑ የሚፈላው አዝማቹ ሊመጣ ሲል ነው። ሲጠብቀው ነው ደስ የሚለው። ስለዚህ አዝማቹ ጋ ስትደርስ ብታቆም ለሁላችንም ይበጃል።»

አቆምኩ። የቀረውን ቀን ያልተዘፈነ አዝማች በጉሮሮዬ ይዤ ዋልኩ። ቆራጯ ከጠረጴዛዋ ቀና ብላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ሠርግ ቢጠሩ ሙሽራይቱ ስትገባ ተነሥተው የሚሄዱ ሰው ነዎት» አለቻቸውና ሳቀች።

ስለዚህች ሴት ትንሽ ልናገር። ባሏን ከቀበረች ዓመታት አልፈዋል፤ ልጅ የላትም፤ እኛ ዘንድ ስትመጣ ይዛ የመጣችው አንድ ትልቅ መቀስና አንድ ሳቅ ነበር። ሳቋ ከታች ይነሣና እንደ ጥሩ ዜማ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። ጨርቅ እየቆረጠች ስትስቅ እንኳ መቀሷ መስመር አይስትም። በየቀኑ ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ረፋዱ ላይ፣ አለቃችን ከአንዱ ደንበኛ ጋር ሲከራከር ሰምታ ትስቃለች፤ ቤቱም ያን ጊዜ መስኮት የተጨመረለት ይመስለኛል።

በዚያ ሰሞን ከጋሽ ዶፓሚን ጠረጴዛ ላይ አንድ ሱሪ መጣልኝ፤ እግሩ ላይ ሁለት የካውያ መስመር ጎን ለጎን ወጥቶበታል። ሰው እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራው ካውያ በያዘበት በመጀመሪያው ዕለት ነው። ይዤው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ሱሪውን አዩት። ዙሪያውን አዩ። ወደ መስኮቱ፣ ቁልፎቹ በየቀለማቸው ወደተደረደሩበት መደርደሪያ ጎትተው ወሰዱኝ።

«አንተ ዘፋኝ፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እንደ ሕክምና ምስጢር ጠብቀው።»

«ምን ሆኑ?»

«ልቤ ይመታል።»

«የሁላችንም ይመታል።»

«የእኔ የሚመታው እሷ የተቆረጠ ጨርቅ ይዛ ስትመጣ ነው። መዳፌን ያልበኛል። ምሳ አይወርድልኝም። ዶፓሚን ከፍ፣ ሴሮቶኒን ዝቅ፣ ኖርአድሬናሊንም አለበት። ምልክቱ ሙሉ ነው።»

«ወደዋታል ማለት ነዋ።»

«እንዲህ ያለውን ቃል እናንተ ናችሁ የምትጠቀሙበት።»

«በየትኛውም ቃል ይሁን፣ ለምን አይነግሯትም?»

እንደ እብድ አዩኝ። «በዚህ ሁኔታ? ሰው ሰክሮ ቤቱን ቢሸጥ ሽያጩ ይጸናል? ይሄም ስካር ነው፤ የሚያመዛዝነው ክፍል ሥራ አቁሟል። አሁን ብናገር የምናገረው እኔ አይደለሁም፣ ኬሚካሉ ነው። ሰው ደግሞ በኬሚካል ቃል አይገባላትም፤ ክቡር ሴት ናት። ዓመት ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ዓመት ሲሆን ይረጋል ይላል ሰውየው። ሲረጋ፣ በንጹሕ አእምሮ፣ የቀረ ነገር መኖሩን አይቼ እነግራታለሁ።»

እኔ በዕድሜዬ ብዙ የፍቅር ዜማ ሰምቻለሁ። ወንዝ የሚሻገር አለ፣ ተራራ የሚወጣ አለ፣ በእንባው ደብዳቤ የሚጽፍ አለ። ሆርሞኑ እስኪዘቅጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ አፍቃሪ ግን አልገጠመኝም ነበር።

መጠበቅ ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካ ጥንቃቄም ነበረበት፤ ምስጢሩን ከነገሩኝ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። የካውያ ጠረጴዛቸውን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረውታል። ከእሷ እጅ ጨርቅ አይቀበሉም፤ «ዘፋኙ ያምጣልኝ» ይላሉ። አለቃችንን ጭምር ሁላችንንም አንተና አንቺ ነው የሚሉን፤ በዕድሜ የምታንሳቸውን ቆራጯን ብቻ «እርስዎ» ይሏታል፣ ርቀት ለመጠበቅ። ስትስቅ ደግሞ ያንን ነፃ የነበረውን ጆሯቸውንም በማዳመጫ ይደፍኑታል።

እሷ ከዚህ ሁሉ የምታየው ጀርባ ነበር። አንድ ሰው በየቀኑ ጀርባውን ሲሰጥህ ደግሞ ስለ ኖርአድሬናሊን አታስብም።

«ምን አድርጌያቸው ነው?» አለችኝ አንድ ቀን፣ ኮሌታ እያቀበለችኝ። «ከሁላችሁ ጋር ይጫወታሉ። እኔ አፌን ስከፍት ጆሯቸውን ይደፍናሉ። ሳቄ ያን ያህል ያስጠላል?»

«ሥራ በዝቶባቸው ነው» አልኳት። የሕክምና ምስጢር ይዣለሁ።

«ሥራ የበዛበት ሰው ግድግዳ አያይም» አለችና ወደ ጠመኔዋ ተመለሰች። ያን ረፋድ አልሳቀችም።

ከዚያ ነገሩ መጣ። ሌላ ከተማ ያለች እህቷ የራሷን ስፌት ቤት ከፍታ ቆራጭ ትፈልግ ነበር። ነይ፣ ቤቱም አለ፣ አብረን እንኑር ትላታለች። ቆራጯ መልሱን ስታዘገይ ከርማ በመጨረሻ ለእኔ ነገረችኝ።

«እዚህ የሚይዘኝ ነገር ቢኖር እምቢ እላት ነበር» አለች። ወደ ግድግዳው በኩል አየት አደረገችና ወዲያው ዓይኗን መለሰች። «የያዘኝ ጨርቅ ነው። ጨርቅ እዚያም አለ። በሳምንቱ መጨረሻ እሄዳለሁ።»

ሮጬ ጋሽ ዶፓሚን ዘንድ ደረስኩ። ካውያው ያፏጫል።

«ልትሄድ ነው። ለሁልጊዜው። ካልነገሯት አያገኟትም።»

አንድ እጅጌ ከላይ እስከ ታች ተኮሱ። ከዚያ፣ «ጥሩ አጋጣሚ ነው» አሉ። «ቀስቃሹ ነገር ሲርቅ ውጤቱ የበለጠ ንጹሕ ይሆናል።»

«ጋሼ።»

«ሰውየው እንዲህ ነው የሚለው።»

«ሰውየው እሷን አያውቃትም» አልኩና ትቻቸው ሄድኩ። ዞር ብዬ ሳይ ያንኑ እጅጌ እንደገና እየተኮሱት ነበር። የተኮሱት ልብስ ያማረ ነበር፤ ሦስተኛ ጊዜም ተኮሱት።

የመጨረሻዋ ቀን ደረሰች። እኔ ብሆን የምጽፈው ዝናብ እጨምርበት ነበር፤ አንድ ጣቢያ፣ አንድ እየራቀ የሚሄድ መስኮት። የሆነው ግን ተራ ከሰዓት ነው፤ ፀሐይ አለ፣ የጨርቅ ብናኝ አለ፣ መንገድ ላይ አንድ ሰው ጡሩምባ ይነፋል። ቆራጯ የመጨረሻውን ካፖርት ቆርጣ ጨረሰች፣ ጠረጴዛዋን ጠረገች፣ መቀሷን በጨርቅ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። አለቃችን ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ተነሥቶ ንግግር አደረገ፦ «በዚህች ሴት እጅ ጨርቅ ባክኖ አያውቅም።» ከእሱ አፍ ከዚህ በላይ ሙገሳ ወጥቶ አያውቅም። እኔን ጉንጬን ሳመችኝ። ከዚያ ወደ ካውያው ጠረጴዛ ሄደች።

«ጋሼ፣ ልሄድ ነው።»

«መልካም መንገድ ይሁንልዎ» አሉ ጋሽ ዶፓሚን፣ ለግድግዳው።

«ዞር ብለው ቢሉኝስ?»

ካውያውን አስቀመጡና ዞሩ። ፊታቸው እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጥቷል።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለች። «ከዛሬ ወዲያ ስለማንገናኝ እውነቱን ይንገሩኝ። ምን በድዬዎታለሁ?»

«ኧረ ምንም።»

«ታዲያ ለምን ይሸሹኛል?»

አለቃችንን አዩ። እኔን አዩ። እኔ ወደ መርፌዬ አቀረቀርኩ፤ ክር ያልገባበት መርፌ ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የሌላ ሰው ውጤት እንደሚያነብ ሰው ጀመሩ።

«እርስዎ ሲጠጉ የልብ ምት ይጨምራል። መዳፍ ላብ ያወጣል። የምግብ ፍላጎት ይቀንሳል። ሐሳብ አይሰበሰብም። እንቅልፍም እንደዚያው።»

ቆራጯ ደነገጠች። «ሐኪም ዘንድ ሄደዋል?»

«ሐኪም አያስፈልገውም። የታወቀ ነገር ነው። ራሱ ይረጋል። እስኪረጋ ነበር የምጠብቀው።»

«ሲረጋስ?»

«ሲረጋ ልነግርዎ ነበር።»

«ምን ሊነግሩኝ?»

ማዳመጫቸውን ነካ ነካ አደረጉ። መልሱ ግን ጆሯቸው ላይ ነበር፤ ቲማቲም መስሏል። ቆራጯ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ቀስ ብላ አወረደች። የአለቃችን አፍ እንደተከፈተ ቀረ።

«እስኪረጋ ስንት ጊዜ ነው የሚፈጀው?» አለች፤ ድምፅዋ ዝቅ ብሏል።

«ቢበዛ ሁለት ዓመት።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚጠብቁት?»

«እሱን እንኳ…»

«ጋሼ። ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጡበት ዕለት።»

«እኔ እዚህ ከመጣሁ አምስት ዓመቴ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ጊዜው አልፏላ። ረግቷል ማለት ነው።»

ጋሽ ዶፓሚን ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ምስጢራቸው የሰሞኑ መስሎኝ ነበር፤ እኔም እንደ እሷ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«አልረጋም» አሉ። «በሳቅሽ ቁጥር እንደ አዲስ ይነሣል። ካገረሸ ከመጀመሪያ ይቆጠራል ይላል ሰውየው፤ እኔም ከመጀመሪያ እቆጥራለሁ። አሁን ያለሁበትን ቆጠራ ትናንት ረፋድ ላይ ነው የጀመርኩት።»

ትናንት ረፋድ ላይ፣ ለመሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ አለቃችን አንዱን ደንበኛ ጎኑ ላይ ያለው እብጠት የጨርቁ ጥፋት እንዳልሆነ ሲያስረዳው ሰምታ ስቃ ነበር። ረስቼው ነበር። በዚህ ቤት ያን ሳቅ የሚመዘግብ ልብ መኖሩን አላወቅኩም።

ቆራጯ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ሳቋ መጣ፤ ከታች ተነሣ፣ ወጣ፣ ወጣ፣ ዓይኗን በእጇ ጀርባ እስክትጠርግ ድረስ። ጋሽ ዶፓሚን እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሡ፤ መንገድ ላይ ሐሳባቸውን ቀየሩና እጃቸውን አወረዱት።

«ይኸው» አሉ ቀስ ብለው። «እንደገና ልጀምር ነው።»

እሷ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ሃሎ፣ እህቴ። ነገ እንዳትጠብቂኝ፣ አልመጣም። … አይ፣ አልታመምኩም። … ኧረ ደሞዝም አልጨመረልኝም፣ አለቃዬን አታውቂውም?» አለቃችን ሜትሩን ማስተካከል ጀመረ። «ምክንያቱን ነው? እኔ እንኳ ማስረዳት አልችልበትም። ቆይ፣ የሚያስረዳ ሰው እዚህ አለ።»

ስልኩን ለጋሽ ዶፓሚን ዘረጋችላቸው።

እሳቸውም ተቀበሉ፤ በሁለት እጃቸው። የሰውየውን ማዳመጫ ከጆሯቸው አወጡ፤ እዚያ ቤት ውስጥ ሲያወጡት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፣ በሸሚዛቸው ደረት ላይ ተንጠልጥሎ ብቻውን ማውራቱን ቀጠለ። አፋቸውን ከፈቱ። ስለ አንጎል የሰሙት ሁሉ፣ ዕጢውም፣ ነርቩም፣ ለውዟም፣ ምላሳቸው ጫፍ ላይ ተሰልፎ ሲጠብቅ ያየሁ ያህል ነበር። አንዱም አልወጣም።

«ሃሎ?» ትላለች እህቲቱ ከማዶ፣ ለሁላችንም እስኪሰማ። «ሃሎ? ማን ልበል?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ዶፓሚን። ትንሽ አሰቡ። «እኔ ነኝ።»

እህቲቱ «ሃሎ» ማለቷን አላቋረጠችም፣ ቆራጯ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ታያቸዋለች፣ አለቃችን ሁለቱን ያያል። የሚነድ ጨርቅ የሸተተኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሼ ካውያውን ያስቀመጡት ማቆሚያው ላይ ሳይሆን የሰው ሱሪ ላይ ነው።

ማንንም ሳልረብሽ ተነሣሁና ካውያውን አነሣሁት። የሱሪው ጉልበት ላይ ቡናማ የካውያ ቅርጽ ተቀምጧል፤ በመርፌም በምንም የሚመለስ አይደለም። አጣጥፌ ከእኔ ሥራ ሥር ሸሸግኩት። ባለቤቱ ነገ ይመጣል። ማን አቃጠለው ካለ፣ እኔ ነኝ እለዋለሁ።